ራና ለሕግ ትምህርት የተፈተነች ሰሞን

ትናንት እዚህ አረብ አገር ከምኖርበት ሰፈር ከዓይን ኤል ረማነህ ወደ ሥራ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሰርቪስ ታክሲ አንድ የዩኒቨርሲቲ በር ላይ ተገተረ። መንገዱን የሞሉት ተፈታኝ ልጆችና እናቶቻቸው ናቸው። ሾፌሩ «ያላ! ያላ!» እያለ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ማን ሰምቶት! አንዷ ልጅ ከንፈሯ ደርቆ የውሃ ጠርሙስ በሁለት እጇ ጨብጣለች። «የሕግ መግቢያ ፈተና ነው» አለ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ። እኔ ሕግ ተምሬ አላውቅ፤ ምን አገባኝ? ግን የሕግ ፈተና ሲባል እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መዝረዓ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አራተኛ ፎቅ ላይ በቤት ሠራተኛነት ሦስት ዓመት ሠርቼ ኮንትራቴ አልቋል። አገር ቤት እናቴ ጋ የተውኳት ልጄ ማርታ ስለያት ዳዴ ትል ነበር። መጀመሪያ ላይ ስልክ ስደውል ትንጫጫለች፤ ኋላ ኋላ «ነይ አናግሪያት» ሲሏት መምጣት ተወች። «ጨዋታ ይዛ ነው» ትለኛለች እናቴ። ኧረ ባክሽ! ይህን የማታውቅ እናት አለች? ማዳሜን «ልሂድ» ስላት «ራና ትፈተን፣ በሳምንቱ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ትኬቴም ተቆርጦ መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንግዲህ ፈተናው የራና ብቻ አልነበረም፣ የኔም ነበር።

ራና የማዳሜ ብቸኛ ልጅ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። የአጎቷ ልጆች ሁሉ ጠበቆች ስለሆኑ ማዳሜ «አንቺስ ከማን ታንሻለሽ?» እያለች መግቢያ መውጫ አሳጣቻት። እህል አልወርድ አላት። የምስር ሾርባ ሎሚ ጨምቄበት ሳቀርብላት ሁለቴ ቀምሳ ትገፋዋለች። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል! ታች መንገድ ላይ በለስ በጋሪ የሚሸጠው ሰውዬ ይጮሃል፤ መብራት ይጠፋል፤ የሰፈሩ ሞተር እስኪነሳ በካርቶን አራግብላታለሁ። ፈተናው ሲቃረብ ጭራሽ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳት ጀመር። ግንባሯን የምይዛት እኔ ነኝ። ምን ልበላችሁ፣ እንደ ታናሽ እህቴ እወዳት ነበር።

ፈተናው የጽሑፍም የቃልም ነው። ለቃሉ ወጥ ቤት እየመጣች እኔ ላይ ትለማመዳለች።

«አንቺ ተከሳሽ ነሽ፣ እኔ ጠበቃሽ ነኝ። ዳቦ ሰርቀሻል ተብለሻል።»

«ለዳቦ? ከተሰረቀ አይቀር ወርቅ ይሁንልኝ እንጂ!»

«ሰናይት! የምሬን ነው!»

ዝኩኒ እየፈለፈልኩ ተከሳሽ እሆንላታለሁ። ጠረጴዛውን እየመታች «ማን አየ? ማስረጃው የት አለ?» ትላለች። አረብኛዬ የወጥ ቤት ስለሆነ ግማሹ ያመልጠኛል፤ ግን ሲያምርባት! «በቃ፣ ነጻ ወጣሁ» እላትና አብረን እንስቃለን።

ፈተናው ነገ ሊሆን ከሰዓት በኋላ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«ጸልዪልኝ። ያኒ፣ ማለቴ፣ እናንተ አገር ተማሪ ሲፈተን ምን ይደረጋል?»

ነገርኳት። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስፈተን እናቴ ግንባሬን እምነት ቀብታ፣ ጥቂት ደግሞ ቋጥራ ኪሴ ከታልኝ ነበር የሄድኩት። ከአገሬ ስወጣ ከቤተ ክርስቲያን አምጥታ የሰጠችኝም ሻንጣዬ ውስጥ አለ። «ስጪኝ» አለች። ቆንጥሬ በላስቲክ ቋጠርኩላት፤ በገዛ እጇ ተቀብላ እስክሪብቶ መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። የኛ ሰው ቢያገኘው ስሞ ቦታው ይመልሰዋል። ሌላ ሰው በላስቲክ የተቋጠረ አመድ ሲያይ ምን እንደሚመስለው ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም።

ራት ሳይቀርብ ማዳሜ፣ ራና መታወቂያዋንም ሁሉንም መያዟን ልታይ፣ የልጇን ቦርሳ ከፈተች። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ያቺን ቋጠሮ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላታለች።

«ሲህር! ልጄ ላይ መተት! ለካ ለዚህ ነው የምታስመልሰው!»

«አይደለም ማዳም! የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለበረከት ነው...»

ሚስተርም፣ የራና አባት፣ ከሳሎን መጣ። «ማነው ያዘዘሽ?»

«ማንም! ራና ራሷ ጠይቃኝ ነው። እሷን ጠይቋት!»

ራና በሩ ላይ ቆማለች። ማዳሜ ዞር ብላ «እውነት ነው?» አለቻት። ራና እናቷን አየች፣ አባቷን አየች። እኔን አላየችኝም።

«አላውቅም፣ ማማ» አለች።

እግዚኦ! ጆሮዬን አላመንኩም። ማዳሜ እምነቱን ሽንት ቤት ጥላ ውሃ ለቀቀችበት። እናቴ እንዴት አድርጋ፣ ስንት ተሳልማ እንዳመጣችው አስቤ እንባዬ ያኔ መጣ። «ኸላስ፣ ነገ ወደ መክተብ!» አለ ሚስተር፤ ያስመጣኝን ኤጀንሲ ማለቱ ነው።

ጠዋት ሁለታችንንም በአንድ መኪና ጫነን፤ እሷን ወደ ፈተና፣ እኔን ከነሻንጣዬ ወደ መክተብ። ፈተናው በር ላይ ስትወርድ አባቷ ስልክ እያወራ ነበር። በኋላው መስኮት ጎንበስ አለችልኝ።

«ሰናይት፣ ጸልዪልኝ፣ እሺ?»

አሁን ይህ ምን ይባላል? ልስደባት? «እሺ» አልኳት። ጸለይኩላትም፤ ጸሎቱ አፌ ውስጥ እንደ ሬት እየመረረኝ።

ማለፏን ከጎረቤታቸው ሠራተኛ ሰማሁ። የኔ ትኬት ግን ተሰርዟል። መክተቡ ወረቀቴን ዳሒዬ ሰፈር ላለ ሌላ ቤት አዞረው፤ እንደገና ሁለት ዓመት። እምቢ እንዳልል ፓስፖርቴ በእጄ የለም።

ማዳሜን ይቅር ብያታለሁ። ልጇ ዓይኗ እያየ ስትከሳባት ደንግጣ ነው። ራናን? እንደ ቀኑ ነው። አንዳንድ ቀን «ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ እንደ ትናንቱ፣ ከሰርቪሱ ወርጄ እዚያ በር ላይ እሪ ልል ይዳዳኛል። ስንት ቀን በሐሰት ክስ ስትከራከርልኝ ከርማ፣ የእውነቱ ሲመጣ «እኔ ነኝ የጠየቅኳት» ማለት አቃታት?

አገሬ የገባሁት ከሁለት ዓመቱ በኋላ ነው። ማርታ ልትስመኝ አልፈለገችም፤ ከእናቴ ኋላ ሄዳ ተደበቀች። ጥቂት ወር ቆይቼ ወደዚሁ ተመለስኩ፤ ኑሮ ነዋ። ማርታ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች። እሁድ እሁድ ትደውልልኛለች፣ ወገቤን እንዴት እንዳደረገኝ ትጠይቀኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። እማዬ የምትለው ግን እናቴን ነው። እኔን ሰናይት ትለኛለች። ያኔ በሳምንቱ ብሄድላት ኖሮ ገና አራት ዓመት አልሞላትም ነበር፣ ትለምደኝ ነበር።