የሴሚሲ ፊት

ሉሴአኔ በደሴቲቱ ከተማ በኑኩአሎፋ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ማተሚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። የሠርግ ጥሪም የፈተና ወረቀትም ታትማለች፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን የቀብር ጸሎት ወረቀት ነው። የከተማውን ሙታን ከቤተሰባቸው ቀጥላ የምታያቸው እሷ ናት።

ያን ሐሙስ የሴሚሲ ቀብር ዐሥር ሰዓት ላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን እኅቱ አካኔሲ ለቅሶ ላይ እንደሚታጠቁት ወገቧን በደህናው ምንጣፍ ታጥቃ፣ ያዘዘችውን መቶ ሃምሳ የጸሎት ወረቀት ልትወስድ መጣች። በአገሩ ወግ የሟች እኅት በለቅሶ ቤት ከሁሉ በላይ ናት፤ እሷ ትቀመጣለች፣ ሌላው ይሠራል።

የላይኛውን ወረቀት አንስታ ፎቶው ላይ የወንድሟን ጉንጭ ዳበሰች። ጉንጩ ተጠረገ።

«ሉሴ፣ ሴሚሲን ሁለቴ ልትገድይው ነው?»

«አላየሁም ነበር፣ እትዬ።» ሉሴአኔ የፕሪንተሩን ክዳን ከፍታ በእጇ ዳሰሰች። «ብርሃኑ ፊቱን ድራሙ፣ ይሄ የሚሽከረከረው በርሜል ላይ ይስላል። የቀለሙ ዱቄት ብርሃን የነካው ቦታ ላይ ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይሻገራል። እስከዚህ ድረስ ግን እፍ ቢሉት የሚበን ነው። መጨረሻ ላይ የጋለ ሮለር ያቀልጠውና ያጣብቀዋል። እሱ ነው የቀዘቀዘብኝ።»

«መለዋወጫውስ?»

«ከኦክላንድ በመርከብ ነው። ሦስት ሳምንት።»

«ሴሚሲ በሕይወቱም ሰው ጠብቆ አያውቅም።» አካኔሲ ወረቀቱን በጥንቃቄ መልሳ አስቀመጠችው። «እና የጎደለው ሙቀት ብቻ ነው?»

«ሙቀት ብቻ።»

«ካውያ አምጪ።»

ሉሴአኔ ካውያ ከጎረቤት፣ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ደግሞ ከጎን ካለው ዳቦ ቤት ተውሳ መጣች። የመጀመሪያው የጸሎት ወረቀት ተቃጠለ። ሁለተኛው ላይ መጋገሪያ ወረቀቱን ደረበችና ቀስ ብላ ተጫነችው፤ ስትፈገፍገው ፊቱ አልለቀቀም። አካኔሲ ካውያውን ተቀበለቻት።

«እርስዎ መሥራት የለብዎትም፣ እትዬ። ሰው ቢያይ…»

«በሩን ዝጊው።»

አንዷ ስትተኩስ ሌላዋ እያቀረበች ዋሉ። ክፍሉ ጋለ። ሰማንያ ላይ ሲደርሱ አካኔሲ የዛለ ክንዷን ያዘች።

«ሃያ ሁለት ዓመት እንዴት ቆምሽ አንቺ?»

«መቀመጫ አልሰጡኝም።»

አካኔሲ የመሳቅ ያህል ተነፈሰች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ መቶ ዐሥራ ሁለት ደርሰው ነበር። «ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ያንብቡ» አለች አካኔሲ። ላቧን ጠርጋ፣ ምንጣፏን አስተካክላ፣ ወረቀቶቹን ታቅፋ ወጣች፤ በወንድሟ ራስጌ ልትቀመጥ።