በአባቴ ብብት የተፈተሸው ዘር

ዝናቡ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላባራም። አባቴ «የሞኝ ለቅሶ፣ መልሶ መላልሶ» ይለው ነበር። በሃያኛው ቀን እናቴ አንድ የበቆሎ ራስ ገልጣ ብታይ፣ ፍሬው አገዳው ላይ እንዳለ መብቀል ጀምሯል።

«ቸኩሏል» አለች።

እናቴ ለሚበላው አልተጨነቀችም። የጨነቃት የከርሞው ዘር ነው። የጎረቤቶቻችንም በቆሎ ስለበሰበሰ ከማን ትለምናለች? ያልበቀሉትን ራሶች እየመረጥን በጆንያ ወደ ቤት አገባን። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። ግማሹን ምድጃው ዙሪያ ደረደረችው፤ ግማሹን መኝታ ቤት ገመድ ላይ ሰቀለችው። አባቴ የውሃ መውረጃ ሲቆፍር አንሸራቶት እግሩን ስለተሰበረ እዚያው አልጋ ላይ ነበር። በቆሎው ከራሱ በላይ ሲሰቀል ማንም አላማከረውም።

እናቴ ዘር የምትፈትሽበት ዘዴ አላት። አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሙቀት ያለበት ቦታ ታስቀምጣለች። በአምስተኛው ቀን ሰባቱ ከበቀሉ ዘር ነው፤ ካነሰ ለዶሮ ነው። ምድጃው ደግሞ እየቆየ ይጠፋል። በዚያ ቤት ሳያቋርጥ የሚሞቀው አባቴ ብቻ ነበር።

«ብብትህን ክፈት» አለችው፣ ከምድጃው በቆሎ አሥር ፍሬ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ።

«ምን ልታደርጊ?»

«ዘር ልፈትሽ። እንዳትገላበጥ ደግሞ!»

«በዚህ እግር ወዴት ልገላበጥ?»

በአምስተኛው ቀን ጨርቁ ሲፈታ አንድም አልበቀለም። «ተገላብጠሃል» አለችው። አባቴ አልተገላበጥኩም ብሎ ማለ። በኋላ ግን፣ ሰው ተኝቶ ያደረገውን በምን ያውቃል ብሎ ራሱን ጠረጠረ።

ያን ቀን ከሰዓት እናቴ የምድጃውን በቆሎ ስትዳስስ አየኋት። አቃጥሏት እጇን ቶሎ ሳበች። እርጥብ ዘር እሳት ሲበዛበት ውስጡ እንደሚሞት ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ዐይን ለዐይን ተጋጨን። እሷ እቴ! ዐይኗን በጨው ታጥባ፣ «አባትሽ እኮ ዱሮም አርፎ አይተኛም» አለችኝ። በጣም ተናደድኩባት፤ ግን እኔም አፌን ዘጋሁ።

የቀረን የመኝታ ቤቱ በቆሎ ነው። እሱም ካልበቀለ የምንዘራው የለም። ሌላ አሥር ፍሬ አባቴ ቀኝ ብብት ገባ። አምስት ቀን ሙሉ በግራ እጁ በላ። ሊጠይቀው የመጣ ጎረቤት እጁን ቢዘረጋለት አባቴ ቀኙን ነፈገው፤ ሰውየውም ተቀይሞ ሄደ።

በአምስተኛው ቀን እናቴ ሸሚዙን ስትከፍት፣ ክንዱ ከደረቱ ጋር በቀበቶ ተጠፍሮ ታስሯል። ቀበቶው ያረፈበት ቆዳ ተልጦ ቀልቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እንዳልገላበጥ ነዋ። ያለፈውን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ ቀበቶውን ፈታች፤ ጨርቁን ገለጠች። ስምንቱ ነጭ ሥር አውጥተዋል። ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው። አባቴ ፈገግ አለ፤ ወንድ ልጅ የተወለደለት ነበር የሚመስለው።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ያለፈውን እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ምድጃው ነው። አንተ ምንም አላጠፋህም።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ያኔውኑ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አፈርኩ» አለችና አለቀሰች። ከዚያ ቅባት አምጥታ የተላጠውን ክንዱን ትቀባው ጀመር። አባቴም ክንዱን አልሰበሰበባትም።