የአቶ ተረፈ ቀኝ እጅ

ወልቂጤ ውስጥ እጅ በማውጣት አቶ ተረፈን የሚያህል ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣው ግራ ቀኙን አይቶ፣ የጎረቤቱን ክርን ጠብቆ ነው። አቶ ተረፈ ግን ሰብሳቢው ገና አፉን ሲከፍት ክንዱ ወጥቶ ይጠብቀዋል። የቀበሌ ምክር ቤት አባል ሆኖ በቆየባቸው ዓመታት ያልደገፈው ነገር የለም፤ የውሃ ቦኖ እንዲተከልም ደግፏል፣ ያው ቦኖ እንዲነቀልም ደግፏል። አንድ ቀን አዳራሹ ሞቆ ሰብሳቢው "መስኮቱ ቢከፈትስ?" ቢል፣ አቶ ተረፈ እጁን አውጥቶ ተገኘ ይባላል። መስኮቱን የከፈተው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ ዳር የእንጨት ሥራ ቤት አለው። የቀበሌው አዳራሽ ወንበሮች በሙሉ ከዚያ የወጡ ናቸው፤ ትእዛዙ ለምን ወደ እሱ ብቻ እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ያቺ ቀኝ እጅ በሁለት በኩል ታበላው ነበር፤ በአዘቦት ቀን መላጊያ ትይዛለች፣ ስብሰባ ሲጠራ ትወጣለች።

የሁለት ሺህ ስድስቱን መስቀል ለማክበር ቸሃ ወንድሙ ዘንድ ወረደ። ለወንድሙ ያመጣው ስጦታ ራሱ የሠራው ባለ መደገፊያ ወንበር ነው። ለሥጋ ዘመድ በነፃ የሚሰጥ ወንበር ብዙ አይለፋበትም ብሎ የመደገፊያውን ጠርዝ ሳይሞርደው ነበር የመጣው። አቶ ተረፈ የወንጌል አማኝ ነውና ወልቂጤ ላይ የመጠጥ ጠብታ አይቀምስም። ቸሃ ግን የምእመናኑ ዓይን አይደርስም። ክትፎውን እስኪበቃው በላ፣ አረቄውን ከሚበቃው በላይ ጠጣ፣ ከዚያ ቀኝ ክንዱን በዚያው ወንበር መደገፊያ ላይ አንጠልጥሎ እንቅልፍ ወሰደው። ከብቶቹ ሲገቡ ነቃ። ክንዱ አብሮት ነቃ፣ መዳፉ ግን አልነቃም፤ ከአንጓው ጀምሮ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቀረ። ቢያራግፈው፣ ቢያሸው፣ በልቡ ቢሳደብ፣ ቀና አልል አለ። የአውራ ጣቱ ጀርባም ደንዝዞ የሌላ ሰው ቆዳ መሰለው።

ለማንም አልተናገረም። "ሽባ ሆነ" ከተባለ በጤና ምክንያት አመስግነው እንደሚያሰናብቱትና በቦታው ሌላ እጅ እንደሚተኩ ያውቃል። ምክንያቱን ልንገር ቢልም የአረቄው ነገር ይመጣል።

ስብሰባው በዚያው ሳምንት ተጠራ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ የወይዘሮ አደይ የእንሰት ጓሮ ለልማት ተነሺ ሆኖ ሆቴል ለሚሠራ ባለሀብት እንዲተላለፍ። ወይዘሮ አደይ ከአቶ ተረፈ ሥራ ቤት ጀርባ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ቆጮ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብራው የምታመልክ ጎረቤቱ ናት። ከእንሰቷ ሌላ ምንም የላትም። አቶ ተረፈ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ሊደግፍ ነበር የመጣው።

ሰብሳቢው አቶ ጀማሉ "የምትደግፉ?" ሲል እጆች ወጡ። አቶ ተረፈ ግራውን ላውጣ ብሎ አሰበ፤ ግን በግራ መደገፍ ንቀት ይመስላል፣ ጥያቄም ያስነሳል። ስለዚህ ቀኙን አወጣ። ክንዱ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ጫፉ ላይ መዳፉ ታጥፎ ወለሉን ያሳያል።

"አቶ ተረፈ፣ እጅዎን ያውጡ እንጂ" አለ ጀማሉ።

"አውጥቻለሁ።"

"ወደ መሬት ነው እኮ የሚያሳየው። ይሄ ድጋፍ ነው ተቃውሞ?"

አቶ ተረፈ ጥያቄው ያልተሰማው መስሎ ክንዱን እንደዘረጋ ቆየ። ጸሐፊው ብዙ አሰበና "ድምፀ ተአቅቦ" ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አዳራሽ ታይቶ አይታወቅም። ጀማሉ ሁልጊዜ "በሙሉ ድምፅ" እያለ ወደ ላይ ሲልክ የኖረ ሰው ነው፤ ተአቅቦ ያለበት ውሳኔ ይዞ አለቆቹ ፊት መቆም አስፈራውና ጉዳዩ ተጨማሪ ማብራሪያ ያስፈልገዋል ተብሎ ለታኅሣሥ ተላለፈ።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ "ተረፈ እምቢ አለ!" ይል ጀመር። ወይዘሮ አደይ ቆጮና ቅቤ ይዛ መጣች፤ ያቺን የተንጠለጠለች እጁን ይዛ ሳመቻት፣ አለቀሰችም።

"ሁሉ ሲፈራ አንተ አልፈራህም" አለችው። "ጌታ ይባርክህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ።"

እውነቱን ሊነግራት ይገባ ነበር። አልነገራትም። በእሁዱ አምልኮ ደረቱን ነፍቶ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ሰው ዞር እያለ ሲያየው ደስ አለው። ለእሷ የነገራት "እጄን አሞኛል" የሚለውን ብቻ ነው። አደይ ያንን ስትሰማ ለእኔ ሲል በተጨነቀው ጭንቀት ነው እጁ የታመመው ብላ ታዝንለት ጀመር።

ውስጡ ግን ስጋት ነበረበት። መላጊያ መያዝ አልቻለም፣ ምስማር እንኳ በግራው ነው የሚመታው። በመጨረሻ ጉብሬ ካምፓስ ወደሚያስተምረው ዶክተር ሚኪያስ ሄደ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ታማሚ ሲያገኝ መማሪያ ክፍል የገባ ይመስለዋል።

"ጠጥተው ነበር?" ሲል ጠየቀው።

"ክትፎ ብቻ።"

ዶክተሩ ፈገግ አለና ክንዱን ገልብጦ አየው። "ሽባ አይደለም። ክንድ አጥንትዎ ላይ የሚጠመዘዘውን ነርቭ ወንበርዎ ጨፍልቆታል። ክሩ አልተበጠሰም፤ የተጎዳው ሽፋኑ ነው። ሽፋኑን የሚሠሩ ሴሎች ነርቩ ላይ ተጠምጥመው ነው የሚኖሩት። ጉዳት ሲሰማቸው ውስጣቸው ያሉ ጂኖች ይቀየራሉ፤ የሽፋን ሥራው ይዘጋና የጥገናው ይከፈታል። የተበላሸውን ሽፋን ራሳቸው ይበሉታል፣ የቀረውን እንዲጠርጉ ከደም ውስጥ ጠራጊ ሴሎችን ይጠራሉ፣ ለነርቩ ምግብ የሚሆን ፕሮቲን ያመነጫሉ። ሲጨርሱ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመልሰው እንደ አዲስ ይጠመጠማሉ።"

"ማነው የሚሰበስባቸው?"

"ማንም። አንዱ የላከውን ፕሮቲን ጎረቤቱ ይቀበላል፣ የሚገባውን ይሠራል።"

"ያለ ሰብሳቢ?" አለ አቶ ተረፈ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቱ የቆመ ባለሥልጣን የነገረውን ተጠራጠረ።

ዶክተሩ ግን አላቆመም። "ይኸው ነርቭ ገና በእናትዎ ማኅፀን ሳሉ ከአንገትዎ ተነስቶ ነው እጅዎን ፈልጎ የመጣው። ጫፉ እያሸተተ፣ አንዱ ኬሚካል 'ና' ሲለው እየሄደ፣ ሌላው 'አትምጣ' ሲለው እየታጠፈ።"

ይህኛው አቶ ተረፈን ወዲያው ገባው። እሱም ምክር ቤት የደረሰው እንደዚያው ነው።

ሲለያዩ ዶክተሩ "ነርቩ እስኪጠገን ጡንቻው እንዳይሰንፍ፣ ጠዋት ማታ እጅዎን እያወጡ አንጓዎን ቀና ለማድረግ ይታገሉ" አለው። አንጓውን ደግፎ የሚይዝ እንጨት ራሱ ጠርቦ አሰረ፤ የዚህን ጠርዝ ግን በደንብ ሞረደው።

ልምምዱን ያሠራችው ወይዘሮ አደይ ናት። በየጠዋቱ ወደ ገበያ ከመውረዷ በፊት ሥራ ቤቱ ጎራ ትላለች፤ ክንዱን በቅቤ ታሻለች፣ ትጸልያለች፣ ከዚያ መዳፉን ከሥር ደግፋ "በል ከፍ አድርጋት፣ በርታ፣ አሁንም ከፍ!" ትለዋለች። እሱም ያወጣል፣ ያወርዳል። በጥቅምት መጨረሻ አንጓው ትንሽ ቀና ሲል እልል አለች፤ መንገደኛው ሁሉ ሠርግ ያለ መስሎት ቆሞ አየ።

ጀማሉ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሥራ ቤቱ ውስጥ ባልተጠናቀቀ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ወላሂ ተረፈ፣ አንተን አጥተን አናውቅም ነበር" አለው። "አዲሱ ትምህርት ቤት ዴስክ ይፈልጋል፤ ሙሉውን። ለማን ልስጠው? አንተው ንገረኝ።"

አቶ ተረፈ የታሰረች እጁን አሳየው። "ታምሜ እኮ ነው፣ አቶ ጀማሉ።"

"አላህ ይማርህ። ለታኅሣሥ ትድናለህ።"

ታኅሣሥ ሲቃረብ አቶ ተረፈ ብልጠት አሰበ። እጁ ድና ነበር፤ መላጊያ ትይዛለች፣ ጣቶቹ ይዘረጋሉ። ይህን ግን ለማንም አልተናገረም፤ በአደይ ፊት ሳይቀር ትንሽ ያንጠለጥላታል። ዘዴው ግልጽ ነበር፤ በስብሰባው ቀን እንጨቱን አስሮ ይገባል፣ መዳፉን ይጥላል፣ ጸሐፊው ዳግመኛ ተአቅቦ ይጽፋል፣ ለምን ቢሉት ዶክተሩ የጻፈለትን የሕመም ማስረጃ ከኪሱ ያወጣል። ጀማሉ ቢቆጣ በነርቩ ይቆጣ። አደይ እንሰቷ ይተርፍላታል፣ እሱም ጀግንነቱ ይተርፍለታል፤ ድፍረት የሚባለውን ነገር ሳይነካው። እንቅልፉን ለጥ ብሎ ተኛ።

በስብሰባው ዕለት ወይዘሮ አደይ ነጠላዋን አጣፍታ አዳራሹ መስኮት ሥር ቆመች። መስኮቱ ክፍት ነበር። ጀማሉ ስለ ልማት ረጅም ንግግር አደረገ፤ የትምህርት ቤቱን ዴስክም እንደ ዋዛ ጠቀስ አደረገና አቶ ተረፈን አየው። አቶ ተረፈ ድጋፍ እንጨቱ ክንዱን አሳክኮት ነበርና ከጠረጴዛው ሥር ፈታው።

"የምትደግፉ?"

ክንዱ ወጣ። አንጓው ቀጥ፣ መዳፉ ግልጥ፣ አምስቱም ጣቶች ተዘርግተው፤ ከመስቀል ወዲህ እንዲህ ያማረ እጅ በዚያ አዳራሽ አልወጣም። አቶ ተረፈ ራሱ ቀና ብሎ አያት። በኋላ ለጠየቀው ሁሉ "ልማድ ሆኖብኝ እኮ ነው፣ ሳላስበው ነው የወጣችው" ይል ነበር። እሺ፣ መውጣቷን ልማድ እንበለው። ጸሐፊው አንድ በአንድ ቆጥሮ እስኪጨርስ ድረስ ግን አላወረዳትም።

"በሙሉ ድምፅ" አለ ጀማሉ፣ እፎይ ብሎ።

ሲወጡ ወይዘሮ አደይ በሩ ላይ ጠበቀችው። ትሰድበኛለች ብሎ አንገቱን ደፋ፤ ቢሰደብ ይሻለው ነበር። እሷ ግን እንደ ሰሞኑ እጁን ያዘች፣ አንጓውን አገላበጠች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘርግታ አየች።

"ጌታ ይመስገን" አለች። "ለምኜልህ ነበር፤ ዳነችልህ።"

ከዚያ ሳይወስዱት የቻለችውን እንሰት ልትነቅል ወደ ጓሮዋ ሄደች። አቶ ተረፈ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከመስቀል ጀምሮ ደንዝዞ የከረመው የአውራ ጣቱ ጀርባ ላይ፣ እንሰት ሲፍቅ የኖረው የመዳፏ ሻካራነት ደህና አድርጎ ይሰማው ነበር።