ወንድሜን ያስረጀሁበት ፎርም

ወንድሜን በአንድ እስክርቢቶ ስምንት ዓመት ያስረጀሁት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው አላላክክም።

ጊዜው ደርግ ነው። ባሕር ዳር፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር እንኖር ነበር፤ አባቴ መካኒክ ነው። ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ለፋብሪካው ቡድን በግራ ክንፍ ይጫወታል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣለት። ውጭ አገር የአገሮች የወጣቶች ውድድር አለ፣ ለብሔራዊ ወጣት ቡድን ታጭተሃል፣ ከሃያ ዓመት በታች መሆንህን በዚህ ፎርም አረጋግጥ ይላል።

ፎርሙ ውጭ አገር ላሉት አዘጋጆች የሚሄድ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ነው። በቤታችን እንግሊዝኛ የምችል እኔ ብቻ ነኝ፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። ቁጭ ብዬ ነገር የምጨርስ ሰው አይደለሁም። ጓደኞቼ ወደ ሐይቁ ሊወርዱ ደጅ ቆመው ስለነበር አንድ እግሬን ከበሩ ውጭ አድርጌ ሞላሁት። የትውልድ ዘመን በሚለው ቦታ ሁላችንም የምናውቀውን ዓመት ጻፍሁ። እሱ ፈረመ፣ ተላከ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በፋብሪካው ስልክ መልስ መጣ። አባቴ ምሳ ላይ፣ ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ስለሆነ አይሆንም ብለዋል አለን። እናቴ ያገባችበትን ዓመት ቆጥራ፣ እንግዲያው ሳላገባ ነው የወለድሁት ብላ ሳቀች። ወንድሜ አልሳቀም። እኔም ጉርሻዬን እንደያዝሁ ገባኝ። የፈረንጅ ዓመት ከኛ በሰባት በስምንት ይበልጣል፤ አዘጋጆቹ የኛን ዓመት እንደ ራሳቸው አንብበውታል።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልሁ።

አባቴ እንጀራውን መቁረስ ቀጠለ።

ቀበሌ ሄጄ የዕድሜ ማስረጃ ስጠይቅ ሊቀመንበሩ በአፍ ወሬ ማኅተም አልመታም፣ የክርስትና ወረቀት አምጪ አሉኝ። ወረቀት አልነበረንም። ግን እናቴ የዘጌ ልጅ ናት፣ ወንድሜም ክርስትና የተነሣው እዚያ ነው። የክርስትና አባቱ ቄስ ናቸው፤ የክርስትና ልጆቻቸውን ሁሉ በዳዊታቸው ባዶ ገጽ ላይ ይጽፋሉ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀርቼ በጀልባ ተሻገርሁ።

ቄሱ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡና በጣታቸው እየተከተሉ የወንድሜን የክርስትና ስም አገኙት፤ አጠገቡ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ተጽፏል። ወረቀቱን እያዘጋጁልኝ ምን ሆናችሁ ነው አሉኝ፤ ነገርኋቸው።

«የማን ዘመን እንደሆነ ሳትጽፊ ለፈረንጅ ሰደድሽው?»

«አዎ፣ አባ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ሲያስተምሩሽ ኖሩ?»

«እንግሊዝኛ» አልኋቸው።

ከት ብለው ሳቁ። እሳቸው ባሕረ ሐሳብ የተማሩ፣ በዓልና ጾም ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሁለቱ ዘመን ልዩነት በየትኛው ወር ሰባት፣ በየትኛው ስምንት እንደሚሆን በቃላቸው ያውቁታል። ሁለቱንም ዓመት ጻፉልኝ፣ የኛን ከላይ፣ የፈረንጁን ከታች።

ሊቀመንበሩ ማኅተማቸውን መቱ፣ ወረቀቱም በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባ። የተጫዋቾቹ ዝርዝር ግን ከሁለት ቀን በፊት ተዘግቶ ነበር።

ጨዋታውን ከሰዓት በኋላ በረንዳችን ላይ በራዲዮ ሰማነው። በወንድሜ ቦታ የገባውን ልጅ ስም ጋዜጠኛው በጠራ ቁጥር የወንድሜ ግራ እግር መሬቱን ይጭር ነበር። ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። አንተ ብትኖር ይህ አይሆንም ነበር አልሁት፤ ዝም ማለት ባለብኝ ጊዜ መናገር ልማዴ ነው።

«በዚህ ዕድሜዬ?» አለኝ። «ወገቤን ያመኛል እኮ።»

ሳይስቅ ነው ያለው። ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ወረደ። አልተከተልሁትም።

በዓመቱ ለሌላ የወጣቶች ውድድር እንደዚያው ያለ ፎርም መጣ። ፋብሪካው ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ጸሐፊ እያለ ወንድሜ እኔ ፊት አስቀመጠው፤ እስክርቢቶም ጨመረበት። ወንበር ሳበልኝ።

«ቁጭ ብለሽ» አለኝ።

በሩን ዘጋና እስክጨርስ ድረስ ተደግፎት ቆመ።