ጉሬዛ ሳይነጋ አይጮህም

ልጅ ሳለሁ በመላው ሰበታ መብራት እንዲጠፋ የምትጸልይ ብቸኛዋ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር እናቴ ሻማ ፍለጋ መሳቢያውን ስታተራምስ፣ እኔ ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ታናሽ ወንድሜን ሙባረክን በእጁ ጎትቼ ግቢውን አቋርጥ ነበር። መብራት ጠፋ ማለት የኦቦ ደበላ ቴሌቪዥን ጠፋ ማለት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ከጠፋ ደግሞ ኦቦ ደበላ ያወራሉ።

ኦቦ ደበላ አከራያችን ነበሩ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ሰበታ ላይ ሱቅ ሲከፍት ከግቢያቸው ሁለት ክፍል የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔም ሙባረክም የተወለድነው እዚያው ነው። እርሻቸው ቀስ በቀስ ፋብሪካና የሰው ቤት ሆኖ ካለቀ በኋላ የቀሯቸው ጓሮ የታሰረች አንዲት ላም፣ ሚስታቸው አዴ ጫልቱ፣ እና ለሜሳ የሚባል አንድ ልጃቸው ነበሩ። ለሜሳ አይሱዙ ይነዳ ነበር። በወር አንዴ ብቅ ሲል ለግቢው ልጆች ሁሉ ሸንኮራ ወይም ሙዝ ሳይዝ አይመጣም። እሱ መንገድ ላይ ባለበት ቀን አዴ ጫልቱ እየደጋገሙ ወደ በሩ ሲያዩ እናቴ፣ «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ትል ነበር፣ እኔን በጎን አየት እያደረገች፤ እሷን ሁለት ሆነንም አላስተኛናትምና።

የኦቦ ደበላ ተረት አንበሳ የሚነግሥበት፣ ጦጣ የምታታልልበት አልነበረም። ያደጉት ከሱባ ጫካ ጥግ ስለነበር እዚያ ያዩትን ነበር የሚነግሩን፤ ያዩት ሲያልቅባቸውም ይጨምሩበታል። ውሻ ከመተኛቱ በፊት ለምን ዙሪያውን እንደሚዞር፣ ኮርማዎች ቀንድ ለቀንድ ከመግጠማቸው በፊት ለምን መሬቱን በእግራቸው እንደሚቆፍሩ፣ አውራ ዶሮ ጥሬ ሲያገኝ ዶሮዎቹን ሳይጠራ እንደማይውጥ፣ ከብቶች ደም የፈሰሰበት ቦታ ሲደርሱ ቆመው፣ አሽትተው፣ እንደሚጮኹና ከሩቅ ያሉትም ጩኸቱን ሰምተው ሮጠው እንደሚደርሱ። «እንስሳም ሥርዓት አለው፣ ኢጆሌ» ይሉን ነበር፣ ልጆች ማለታቸው ነው። ያኔ እኔ ሥርዓት የሚለውን ቃል የማውቀው «ሥርዓት ያዢ» ከሚለው ቁጣ ስለነበር ውሻና ዶሮ ከእኔ እንደሚሻሉ መስማቱን ብዙም አልወደውም ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል፣ ወሬ የማልቋጥር ልጅ ነበርኩ። ቢሆንም የከሰሉ ፍም የኦቦ ደበላን አገጭ ከታች ሲያበራው፣ የኩራዙም ጭስ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ጥቁር ክብ እያሰፋ ሲወጣ፣ እኔም እንኳ እግሬን መወዝወዝ እተው ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ አባቴ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቁን መልሶ ሳይከፍት ቤት መጣ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። ከኋላው ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራ እየሠራሁ ነበርና ሁሉንም ሰማሁ። የለሜሳ መኪና ጅማ መንገድ ላይ ተገልብጧል። ለሜሳ ሞቷል። አስከሬኑ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል፤ አጎቶቹ ከተፍኪ ሳይነጋ ይመጣሉ፤ መርዶው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነገራል። እናቴ «ኢና ሊላሂ» ብላ አፏን በእጇ ያዘች፤ ወዲያው ደግሞ ከመጋረጃው ሥር እግሬን አየችው።

«ሐያት፣ ነይ ወዲህ» አለች። «አዴ ጫልቱ ደም ብዛት አለባቸው። ሰው ሳይሰበሰብ፣ ደግፎ የሚይዛቸው ሳይኖር በድንገት ቢሰሙ እዚያው ነው የሚቀሩት። አንቺ ደግሞ አፍሽን አውቀዋለሁ።»

«አልናገርም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግቢው በሙሉ ደህና የሆነ ለመምሰል ይጣጣር ጀመር፤ እንደዚያ ያለ የሚያቁነጠንጥ ከሰዓት በኋላ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። የንፍሮው ስንዴ እንዳይታይ ከሦስተኛው ቤት ተቀቀለ። የእድሩ ድንኳን በሱቃችን የኋላ በር ገባ። እናቴ አዴ ጫልቱን ስታገኛቸው ስለ ሽንኩርት ውድነት ያለ ልክ አወራች፣ በማያስቅ ነገርም ሳቀች። የጎረቤት ወንዶች ወደ ኦቦ ደበላ በር አየት ያደርጉና ወዲያው ጫማቸውን ይመለከታሉ። እኔ ውሃ ልጠጣ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ መልሼ እገባለሁ። ያ ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አፌን ብከፍት በራሱ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

ሲመሽ መብራት ጠፋ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጸለይኩም ነበር።

«ልጆቹ ካልሄዱ ኦቦ ደበላ ይጠረጥራሉ» አለ አባቴ።

«ይቺ ከሄደች ደግሞ ትናገራለች» አለች እናቴ።

ተያዩ። በመጨረሻ እናቴ አገጬን ይዛ፣ «ተቀመጪ፣ ስሚ፣ ተመለሺ፤ ሳይጠሩሽ አቤት እንዳትዪ» ብላ ላከችን።

ኦቦ ደበላ እንደ ሁልጊዜው ጋቢያቸውን ደርበው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። አዴ ጫልቱ ላሟን ሊያልቡ ወደ ጓሮ ወጥተው ነበር። ሙባረክ ገና ከመቀመጡ፣ «የጉሬዛ ይንገሩን» አለ። ጉሬዛ ያ ጥቁርና ነጭ ለባሽ የጫካ ጦጣ ነው፤ ኦቦ ደበላ ስለ እሱ የሚያወሩት ብዙ ነበራቸው። ያን ማታ የመረጡትን ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

«አንድ ቀን ማምሻውን» አሉ ፍሙን በጉጠቱ እያገላበጡ፣ «አንዲት ጉሬዛ ቅጠል ፍለጋ ከዛፍ ዛፍ ስትል ርቃ ሄደች። እሷ በሌለችበት ልጇን ንስር ወሰደው። ሌሎቹ አይተዋል፣ እሷ አላየችም። ተመልሳ መጣችና ቅርንጫፏ ላይ ቁጭ አለች፤ ልጇ ከአክስቶቹ ጋር የተኛ መስሏታል። አንድ ወጣት ጉሬዛ ሊነግራት አፉን ሲከፍት ሽማግሌው ጅራቱን ያዘው። ‹አሁን ብትነግራት በጨለማ ትዘላለች› አለው። ‹ቅርንጫፉን አታየውም። ከሥር ነብር አለ። አንድ ሞቶብናል፣ እሷን አንጨምር። ሲነጋ ሁላችንም አብረን እንጮሃለን።›»

እዚህ ላይ ነው እንባዬ የመጣው። ድምፅ አላሰማሁም፤ ከንፈሬን ነክሼ ወደ ፍሙ አፈጠጥኩ። ያጋለጠኝ ሙባረክ ነው።

«ሐያት ታለቅሳለች» አለ።

ኦቦ ደበላ ቀና ብለው አዩኝ። «ለጉሬዛዋ ነው የምታለቅሺው፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

አዎ ማለት ነበረብኝ። አንዲት አዎ ብትበቃ ነበር። እኔ ግን መዋሸት በማያስፈልግበት ሁሉ የምዋሽ ልጅ፣ ያን ማታ፣ «አይደለም» አልኩ።

ጉጠቱ ፍሙ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ከጓሮ ወተቱ ባልዲው ውስጥ ሲንጫረር ይሰማል። ኦቦ ደበላ ወደ በሩ አዩ፤ ወደ ቤታችን፣ ከሌላው ቀን ቀድሞ ወደተዘጋው ሱቃችን አቅጣጫ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለሜሳ ነው?» አሉ።

ሙባረክን በእጁ ስቤ ወደ ራሴ አስጠጋሁት። ያ በቂ ነበር።

የሚወድቁ መስሎኝ ነበር፣ አልወደቁም። ጉጠቱ ብቻ ከምድጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ቀጭን ድምፅ አወጣ። «ጫልቱ እንዳትሰማ» አሉ። «ጠዋት ይመጣሉ። ያኔ ይነግሩኛል። አንቺ እንባሽን ጥረጊ።»

አዴ ጫልቱ ወተቱን ይዘው ገቡ። «ዛሬ ተረቱ ምነው ረዘመ?» አሉ።

«ጉሬዛዎቹ ገና አልነጋላቸውም» አሉ ኦቦ ደበላ፣ በዚያው በተለመደው ድምፃቸው። ተረቱንም ጨረሱልን። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው ጉሬዛ ጮኸ፣ የማዶዎቹ ተቀበሉት፣ ከዚያም ወዲያ ያሉት፣ ጫካው በሙሉ ጩኸት ሆነ፤ እናቲቱም በወገኖቿ መሃል ሆና አለቀሰች። ሱባ ጫካ ውስጥ እስከ ዛሬ ጉሬዛ ሌሊቱን ዝም ብሎ አድሮ ጎህ ሲቀድ በኅብረት የሚጮኸው ለዚህ ነው አሉን። ደህና እደሩ ብለውም አሰናበቱን።

ቤት ስገባ እናቴ «ተናገርሽ?» አለች። «አልተናገርኩም» አልኩ። ወላሂ በይ ሳትለኝ ቀረች።

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ወንዶች ሰልፍ ሠርተው ገቡ፤ ሴቶቹ ከኋላቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ኦቦ ደበላ በራቸውን ከፍተው ወጡና፣ ሁሉም በዚያ ሰዓት በሩን ሲከፍት እንደሚለው፣ «ምነው፣ በደህና?» አሉ። የተፍኪው አጎት ተናገረ። ኦቦ ደበላ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው «ያ ለሜሳ! ያ ኢልማ ኮ!» ብለው የጮኹት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ወይኔ ልጄ!» ማለታቸው ነበር። መሬት ላይ ሳይወድቁ ሁለት ወንዶች ደርሰው ደገፏቸው። አዴ ጫልቱን አራት ሴቶች ያዟቸው። ሰፈሩ ሁሉ ያለቅስ ነበር፤ እናቴም፣ አባቴም።

እኔ ግን ተናደድኩ። መፍራትና ማፈር ነበረብኝ፣ እሱም ነበረ፤ ከሁሉ በላይ ግን ተናደድኩ። ያ ጩኸት የውሸት አልነበረም፣ ልጅ ይሄን ይለያል። እንግዲያው ሌሊቱን ሙሉ የት ነበር? የሚያውቁትን ነገር ሰው መጥቶ ሲነግራቸው እንዴት እንደ አዲስ ወጋቸው? ተረቱንስ የመረጡት ሙባረክ ስለጠየቀ ነው ወይስ ቀድሞውኑ የሰውን ፊት አንብበው ነበር? ይሄን ሁሉ ልጠይቃቸው ስንት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እሳቸውም አንድ ቀን አላነሱብኝም። ዓመቱ ሲወጣ እንደገና ተረት መንገር ጀመሩ፤ ያንን ተረት ግን አልደገሙትም።

አሁን ቡራዩ ነው የምኖረው። ባለፈው ክረምት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን እያየች ቆየችና ወደ እኔ አዞረችው። የአንድ ወጣት ፎቶ ነው፣ ከሥሩ ሻማ። «ይሄ ወንድሜ ነው» አለችኝ። «ለምንድን ነው ነፍስ ይማር ያሉት?» ስልኩን ተቀብዬ ጭኔ ላይ ገለበጥኩት። እጇን ያዝኩ። ጩኸቷን ስትለቀው ሾፌሩ ሙዚቃውን አጥፍቶ ጥግ ያዘ፤ የማናውቃት ሴት ከኋላ ወንበር መጥታ በነጠላዋ ወገቧን አሰረችላት፤ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ማንም ረፈደብኝ አላለም። ሰው ሥርዓቱን ሲቀሙት ካገኘው ነገር ይሠራዋል። ያን ቀን ቢሮ ስገባ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ፣ እንደ ልጅነቴ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ።

ኦቦ ደበላ ያረፉት ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ሰበታ ልቅሶ ደረስኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ጋብ ሲል፣ ከአዴ ጫልቱ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀምጬ ሆዴ ውስጥ የቆየውን አወጣሁት። ያን ዓርብ ማታ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ መርዶው ሳይመጣ ያውቁ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

አዴ ጫልቱ የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ።

«እኔም ሰምቼ ነበር» አሉ።

«መቼ?»

«እዚያው ዓርብ ቀን። ወፍጮ ቤት አንዲት የተፍኪ ሴት እግዚአብሔር ያጽናሽ አለችኝ፤ የተነገረኝ መስሏት ነው። ዱቄቴን ተሸክሜ መጣሁ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ለደበላ እንዴት ብዬ ልንገረው? ሽማግሌዎች እስኪመጡ ይቺን አንድ ሌሊት ይተኛ አልኩ። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ፣ እኔ ወደ በሩ። ሲገላበጥ እሰማዋለሁ። ወገቡን አሞት ነው እያልኩ አደርኩ።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ኖሩ። አንድ ማዕድ ቆረሱ፣ የለሜሳን ሙት ዓመት አወጡ። ስለዚያች ሌሊት ግን ተነጋግረው አያውቁም።

አዴ ጫልቱ እጄን ያዙኝ። «እኔ ማወቄን ያወቀ ይመስልሻል?» አሉኝ።

ሌላኛውን እጄን በእጃቸው ላይ ደረብኩት። አዲስ ለቀስተኞች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በበሩ ሲገቡ አዴ ጫልቱ እጄን ሳይለቁ አብረዋቸው ማልቀስ ጀመሩ፤ ለባላቸው ይሁን፣ ለልጃቸው፣ ወይስ ጀርባ ለጀርባ ለነጋችው ለዚያች ሌሊት፣ አልጠየቅኳቸውም። አጠገባቸው ሆኜ አለቀስኩ።