ጣዕም ያለው ግሪን ቲ ፍለጋ

ልጅ እያለሁ ክረምት ክረምት በደሳ አክስቴ ዘንድ ነበር የምከርመው። የአባቴ እህት ናት፤ አዳዳ ነው የምንላት። ጠዋት ስነሳ ቤቱ የታመሰ ቅጠል ይሸታል። የደረቀ የቡና ቅጠል መጥበሻ ላይ ታምስና፣ አፍልታ፣ ወተትና ጨው ጨምራ ቁጢ ታጠጣን ነበር። ስኳር የለው፣ ምን የለው፣ ግን ሽታው ብቻ ያጠግባል። ሌሎቹ ልጆች እንጨት ያቀብሏታል፤ የእኔ ሥራ ብርጭቆ ይዞ መጮህ ነበር። "ይሄ ልጅ ሆድ ብቻ ነው!" እያለች ቀድማ ለእኔ ትቀዳለች።

ይሄ ሁሉ ትዝ ያለኝ ዘንድሮ ነው፤ ሐኪም ስኳር ሲከለክለኝ። ሚስቴ "ግሪን ቲ ጀምር" አለችኝና ጭሮ ገበያ ወጥቼ ገዛሁ። እኔ ደግሞ ቅጠል ሲባል የማውቀው አንድ መንገድ ነው፦ በደንብ አንተከተክኩት፣ ወተትና ጨው ጨመርኩበት። ሚስቴ ቀመሰችና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ካልሲ ነው እንዴ የቀቀልከው?" አለችኝ። የሎሚውን ሞከርኩ፣ የዝንጅብሉን ሞከርኩ፤ ሁሉም ሙቅ ውሃ ነው። ባለሱቁ ሰልችቶት፣ "ጋሼ፣ ምን ምን የሚል ነው የሚፈልጉት?" አለኝ። ምን ልበለው? የአዳዳን ቤት የሚል አለህ ወይ ይባላል?

በመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍሬ በደሳ ሄድኩ። የአዳዳ ጓሮ ጫት በጫት ሆኗል፤ ከቡናው የተረፈው አጥሩ ሥር ያለ አንድ እግር ብቻ። እሷም አርጅታለች፣ ምላሷ ግን ያው ነው።

"ኮቱ፣ ና ግባ! ሆድህ ቀድሞህ ገባ እኮ!"

የመጣሁበትን ስነግራት ደስ ብሏት ያደረቀችውን ቅጠል አወጣች። አሁን እንኳን ልማር ብዬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ትንሽ አመሰችና አንዱን ቅጠል አንስታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ።

"ሽታው መጣ?"

"እኔን ትጠይቂያለሽ እንዴ አዳዳ?"

"ያ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም ልጄ። መድረሱን በአፍንጫዬ ነበር የማውቀው። አንተ ንገረኝ እንጂ።"

አሸተትኩ። ቅጠል ነው። ደግሜ አሸተትኩ። "ትንሽ ይቆይ" አልኳት፣ እንደሚያውቅ ሰው። ያወቅኩት ሲጨስ ነው።

ያረረውን አፍልታ ቀዳችልኝ። አመድ አመድ ይላል።

"እንዴት ነው?" አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

"ያው የድሮው ነው አዳዳ።"

ድሮ አንዱን ጨርሼ ካልተደገመልኝ መሬት ላይ እንከባለል ነበር። አሁን ደስ ብሏት ሳልጠይቃት ሞልታ ደገመችልኝ፤ እኔም ጨለጥኩት።