የአያ ክንዱ የሚጥሚጣ ጠርሙስ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ግራር ሜዳ የምትባል መንደር አለች። አያ ክንዱ በዚያች መንደር የታወቁት በቢላቸው ነው። ለፋሲካ ቅርጫ ሲገባ በሬውን በጓሯቸው የሚያደልቡት እሳቸው፣ አርደው መደቡን የሚያካፍሉትም እሳቸው ናቸው። ጉበቱ ገና ትኩስ ሳለ የመጀመሪያውን ቁራጭ ይጎርሳሉ፤ ቀጥለው ለቅርጫው አባላት ሁሉ በእጃቸው ያጎርሳሉ። ሐሞት ጠብ ይደረግበታል። ሚጥሚጣው ክዳኑ ቀይ በሆነ፣ አፉ በሰፋ የማርማላታ ጠርሙስ ከቤታቸው ይመጣና ሃያ ሰው ደም የነካ ጣቱን እየሰደደ ያጠቅስበታል። ጠርሙሱ ታጥቦ አያውቅም። "ሲታጠብ ጣዕሙ ይሄዳል" ይላሉ። የዓመታቱ ሚጥሚጣና ደም በአፉ ዙሪያ እንደ ጥቀርሻ ደርቋል።

እንዲህ የሚበላ ሰው ኮሶ አያጣውም። አያ ክንዱ በየሁለት ወሩ መድኃኒቱን ይጠጣሉ፤ ሲወጣላቸውም ርዝመቱን በክንድ እየለኩ ለመጣ ለሄደው ያወራሉ፣ ያውም ሰው ማዕድ ላይ ሳለ። ሽንት ቤት ግን የላቸውም። ሚስታቸው ሠርክአዲስ "ኧረ ጉድጓድ ይቆፍሩ" እያለች ስትለምን ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው ከበሬው ጋጥ ጀርባ ካለው ሣር ላይ ይቀመጣሉ። በሬውም ያንኑ ሣር ይበላል።

በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በዐቢይ ጾም፣ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምሥራቅ በቅርጫ ቦታ ጥሬ ሥጋ መብላት ይከልከል፣ የበላም ይቀጣ የሚል ሐሳብ ይዛ መጣች። አያ ክንዱ ነገሩን ከሰሙ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዟቸዋል። ጥሬ ከቀረ የእሳቸው እጅ ለምን ይፈለጋል? ለድስት የሚሆን ሥጋማ ማንም ይቆርጣል። ጋቢያቸውን አጣፍተው ከሁሉ ቀድመው ተነሡ።

"መንግሥት መሬቴን ለካ፤ ዝም አልሁ" አሉ። "ማዳበሪያ ውሰድ አለኝ፤ ወሰድሁ። አሁን ደግሞ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቶ ይህን ዋጥ፣ ያንን ትፋ ሊለኝ ነው? ብታመም የምታመመው እኔ ነኝ። ሆዱም የኔ፣ ኮሶውም የኔ።"

"እውነታቸውን ነው" የሚል ጉርምርምታ ተሰማ። ጎረቤታቸው ገብረሰንበት "ሚጥሚጣም ያቃጥላል፤ እሱንም ጨምረው ይከልክሉና እንረፈው" ብሎ ሰውን አሳቀ።

ምሥራቅ ከቦርሳዋ ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። ውስጡ በአረቄ የተዘፈዘፈ፣ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ነገር አለ።

"ይህ ከሰው ሆድ የወጣ ነው" አለች። "ሰውየው ሣር ላይ ሲቀመጥ እንቁላሉ እዚያ ይቀራል። በሬው ይግጠዋል። ከሥጋው ገብቶ እንደ ሩዝ ፍሬ ይሆናል፤ ያንን ሥጋ ጥሬውን የበላ ሁሉ ይወርሰዋል። የአንድ ሰው ሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ አያ ክንዱ።"

ያዳመጣት የለም። ሰው ሁሉ የሚያየው ቀዩን ክዳን ነበር። በአፉ ዙሪያ የደረቀው ሚጥሚጣ እንኳ አልለቀቀም።

"እናንተ" አለ ገብረሰንበት ቀስ ብሎ፣ "ይህ የሚጥሚጣችን ጠርሙስ አይደለም?"

አያ ክንዱ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ሠርክአዲስ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ባለፈው ሮብ ኮሶው ሲወጣላቸው ምሥራቅ "ለማስተማሪያ ስጪኝ" ብላት ነበር፤ እሷም ሰጠቻት።

"ሌላ ዕቃ አጥተሽ ነው?" አሏት።

"በሌላው ዕቃማ ምግብ እንበላበታለን" አለች።

ከኋላ የነበረ አንድ ሰው እየሮጠ ወጥቶ አጥሩ ሥር አስመለሰው። በጾም ሆድ የሚወጣው አረፋ ብቻ ነው፤ ድምፁ ግን ሁሉንም አዳረሰ። ሌላው "ከዚህ በፊትስ ገብቶበት ያውቃል?" ብሎ ጠየቀ። ሠርክአዲስ "ኧረ የመጀመሪያው ነው" ብትል ማን ይመናት። ቀጥሎ "የዘንድሮውስ በሬ የት ነው የሚግጠው?" የሚል ድምፅ መጣ። የአያ ክንዱን ጓሮ የማያውቅ የለም።

የቀበሌው ሊቀመንበር "ጥሬ ይከልከል የምትሉ እጅ አውጡ" ሲል አራት ሴቶች ብቻ አወጡ። ክልከላው ወደቀ። አያ ክንዱ አሸነፉ።

ለፋሲካ ጥሬው እንደ ልብ ተበላ። በሬው ግን ተወስዶ ከሌላው የቅርጫ አባል ከደጀኔ ጓሮ ነበር የሰነበተው፤ ቢላውንም የያዘው ደጀኔ ነው። ደጀኔም ሽንት ቤት የለውም፤ ይህን ያነሣ ሰው አልነበረም። አያ ክንዱን "የኋላ እግሩን ይያዙልን" አሏቸው። ያዙ። በሬው ሲወድቅ ሽንቱ ጋቢያቸውን አራሰው።

መደብ ከታደለ በኋላ ከድርሻቸው ጉበት ቆረጡና ወደ ገብረሰንበት ዘረጉ። "በሞቴ" አሉ።

"ሐኪም ጥሬ ከልክሎኛል፣ አያ ክንዱ" አለ ገብረሰንበት። ደጀኔ ያጎረሰው ጉበት ደም ከከንፈሩ ላይ ገና አልደረቀም።

የአያ ክንዱ እጅ እንደ ተዘረጋ ነው። ዝንብ መጥታ ቁራጩ ላይ ዐረፈች። ከዚያ ራሳቸው ጎረሱት።